ስንት ሎሚ ይዘሃል?

በአርሲ ደጋ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞርኩ ገበሬው ጤና መድን እንዲገባ በምቀሰቅስበት ዘመን፣ ከደመወዛችን ላይ ለጤና መድን 3 በመቶ እንዳይቆረጥብን አጥብቀው ከሚከራከሩት የመንግሥት ሠራተኞች አንዱ ራሴ ነበርኩ። ጠዋት ሜዳ ላይ ቆሜ «ግቡ» እላለሁ፤ ከሰዓት ቢሮ ተመልሼ «አልገባም» እላለሁ። ይህን የማወራው ለንስሐ አይደለም። አልገባም ያልኩበትን ምክንያት ዛሬም ብትጠይቁኝ አልለውጠውም። የማወራው፣ ሕክምናን ከአንድ ቋት ለሁሉም ሰው ላዳርስ የሚል አገር የት ላይ እንደሚሰናከል ከየትኛውም የግምገማ ሰነድ ይልቅ በእነዚያ ሁለት ስብሰባዎች መካከል ስላየሁት ነው።

ሕጉ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ቁጥር 690/2002 የማኅበራዊ ጤና መድንን ደነገገ፤ ደመወዝተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ፣ ጡረተኛው ደግሞ ከአበሉ 1 በመቶ እንዲያዋጡ ታሰበ። ደመወዝ ለሌለው፣ ለገበሬውና በየከተማው በግሉ ሠርቶ ለሚያድረው፣ የተዘጋጀው ሌላ ቋት ነው፤ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይባላል። እሱም በ2003 በአማራ፣ በትግራይ፣ በኦሮሚያና በያኔው የደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች ተሞከረ። ከኦሮሚያ ጊምቢቹ፣ ኩዩ፣ ደደርና ሊሙ ኮሳ ነበሩ የተመረጡት፤ አርሲ አልነበረችበትም። ለእኛ የደረሰን ሙከራው «ያዋጣል» ተብሎ መስፋት ሲጀምር ነው። የመጀመሪያዎቹ የኦሮሚያ ወረዳዎች ከአንድ ቤተሰብ በዓመት 180 ብር ይቀበሉ ነበር። ዛሬ መዋጮው የዚያ ብዙ እጥፍ ሆኗል፤ ያኔ 180 ብር ምን ያህል ገብስ እንደነበረ ግን ደጋ ያደገ ሰው አይጠፋውም።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። በአዋጅ የቀደመው የደመወዝተኛው መድን ነው፤ በሥራ የቀደመው የገበሬው። የደመወዝተኛው በየዓመቱ «ሊጀመር ነው» እየተባለ ሲገፋ ኖረ። የገበሬው ከ13 ወረዳ ተነስቶ ዛሬ ከ1000 በላይ ወረዳዎችን አዳርሷል። ያኔ ቢጠይቁኝ ምክንያቱ የቴክኒክ ጉዳይ ነው እል ነበር፤ የክፍያ ሥርዓቱ ገና አልተዘረጋም፣ ጤና ተቋማቱ አልተዘጋጁም፣ የመሳሰለው። አሁን የምለው አጭር ነው፤ ገበሬው ሲጠሩት ይመጣል፣ ደመወዝተኛው ሲጠሩት ይከራከራል።

የእኔ ድርሻ መጥራት ነበር። በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ሰው ምንም ይማር ምን፣ ዘመቻ ሲመጣ አንድ ቀበሌ ይሰጠዋል። የእንስሳት ሐኪሙም፣ የሒሳብ ሠራተኛውም፣ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያውም «የቀበሌ ደጋፊ» ተብሎ ይመደባል፤ ማዳበሪያ ይሁን፣ የተፋሰስ ሥራ ይሁን፣ ጤና መድን ይሁን፣ ያው እኛው ነን። ለእኔ የደረሰኝ ቀበሌ ከአሰላ ከፍ ብሎ በጭላሎ ጥግ ነበር። ገብስና ስንዴ፣ ትንሽ ድንች፣ ብዙ ብርድ። ጉባኤው የሚጠራው እህሉ ተወቅቶ ገበሬው እጅ ላይ ብር ሲገባ ነው፤ ከዚያ ወር ካለፈ የልጅ ደብተር፣ የሠርግ ወጪና የማዳበሪያ ዕዳ ቀድመውት ይደርሳሉ። ቀበሌው ተሰብስቦ በድምፅ ብልጫ «እንግባ» ወይም «አንገባም» ይላል፤ «እንግባ» ካለ በኋላ መመዝገብ አለመመዝገቡ የየቤቱ ፈንታ ነው። የድሃ ድሃ ለተባለው ቤተሰብ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። የፌዴራል መንግሥቱም በሙከራው ዘመን በየወረዳው ከተሰበሰበው መዋጮ ላይ 25 በመቶ ያህል ይጨምር ነበር፤ በኋላ ወደ 10 በመቶ አወረደው።

አሠራሩን ማስረዳት አይከብድም። የቤተሰቡ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይሰጣል። የታመመው መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከአቅም በላይ ከሆነ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል ይላካል። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ግማሹን ከኪሱ ይከፍላል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የኩላሊት እጥበት፣ ውጭ አገር መታከም በመድኑ አይሸፈኑም። ወሊድ፣ ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምና ድሮም በነፃ ናቸው። ይህን ሁሉ በኦሮምኛ በሩብ ሰዓት እጨርሰዋለሁ። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

አንድ ሽማግሌ ከሁሉ ቀድመው ተነሡና ስለ ካዱ ጠየቁ። በስዊድን እርዳታ በ1960ዎቹ አሰላ ላይ የከተመውን የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ማለታቸው ነው። «ካዱም ለድሃው ነው የመጣሁት ብሎ ነበር» አሉ። «ምርጥ ዘሩ ለድሃው፣ ማዳበሪያው ለድሃው፣ ብድሩ ለድሃው ተባለ። መሬቱ ብር የሚያወጣ መሆኑን ባለርስቱ ሲያይ ትራክተር አምጥቶ ራሱ አረሰው፤ ጭሰኛው ተባረረ። አባቴ ከተባረሩት ነው። የእናንተ መድን ኋላ የማን እንደሚሆን በምን እናውቃለን?» ስለ ካዱ ያሉት እውነት ነው፤ ስለዚያ ዘመን አርሲ የተጻፈ ሁሉ የሚመሰክረው ነው። እኔ ግን የተዘጋጀሁት «እድር ካለን ይህ ለምን አስፈለገ?» ለሚለው ጥያቄ ስለነበር፣ እድር የሚደርሰው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፣ ይህ ግን ከመሞቱ በፊት ነው አልኳቸው። ሰው ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም።

እኛ ቀስቃሾች ከአፋችን የማትለይ አንዲት ተረት ነበረችን፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»። የጤና መድንን ለማስረዳት ከእሷ የተሻለ የተገኘ አይመስለኝም፤ ፖስተሩም፣ ሬዲዮኑም፣ ኃላፊውም ይሏታል። ሎሚ በማይበቅልበት ደጋ ላይ ወደ ኦሮምኛ እየመለሱ ስለ ሎሚ መስበክ ራሱ ለእኔ ቀልድ ነበር፤ ቢሆንም ትገባለች። በዚያ ጉባኤ ላይ ግን ከሴቶቹ በኩል ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ ባልቴት ከተቀመጡበት ሳይነሡ «ልጄ፣ አንተስ ስንት ሎሚ ይዘሃል?» አሉኝ።

ምንም አልያዝኩም። «እናቴ፣ የእኛ የመንግሥት ሠራተኞች ገና ነው፤ በሌላ ሕግ ነው የሚጀመረው» አልኳቸው። «እናንተ ከእኛ በፊት የምትሰሙ አይደላችሁም እንዴ?» ብለው ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። ቀበሌው በድምፅ ብልጫ «እንግባ» አለ። ባልቴቷ የዚያን ዓመት አልተመዘገቡም።

መድኑ ከንቱ ነበር ማለቴ እንዳልሆነ ልናገር። ከአገሪቱ የጤና ወጪ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከሕመምተኛው ኪስ፣ ሌላ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከውጭ እርዳታ በሚመጣበት አገር፣ አንድ መታወቂያ ይዞ መታከም ምን ማለት እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያው ቀበሌ እንብርቱ ሥር ያበጠበትን ሄርኒያ ለዓመታት በቀበቶ እያሰረ የሚያርስ ሰው ነበር። ሆስፒታል ቢሄድ በሬ መሸጥ እንዳለበት አስልቶታል፤ በሬ ከሸጠ የሚያርስበት የለም፤ ስለዚህ እያመመው ያርሳል። በተመዘገበ ዓመት ሪፈር ተጽፎለት አሰላ ሆስፒታል ወረደና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ከኪሱ ያወጣው የጋሪና የመኪና ነው። በሚቀጥለው ጉባኤ እኔ ከመናገሬ በፊት እሱ ተነሥቶ ሸሚዙን ገልጦ ጠባሳውን አሳየ። ከዚያ በኋላ የተመዘገበው ሰው በእኔ ስብከት የተመዘገበ አልነበረም።

ችግሩ የመጣው ከመድኃኒት መስኮት ነው። አባላቱ ከበፊቱ ይበልጥ መታከም ጀመሩ፤ የታሰበውም ይኸው ነበር። መድኃኒቱ ግን አብሮ አልጨመረም። የውጭ ምንዛሪ እጥረት አለ፣ ከማዕከል የተጠየቀው ሙሉው አይመጣም፣ ጤና ጣቢያው ለተሰጠው መድኃኒት ያለበትን ዕዳ አልከፈለም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ለታመመው ግን አንድ ነው፤ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይባላል። ውጭ ማለት ከተማ ያለ የግል መድኃኒት ቤት ነው። መዋጮ ከፍሎ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፎ፣ ከሐኪም ወረቀት ተቀብሎ፣ መድኃኒቱን በገበያ ዋጋ የሚገዛ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ለምን ያድሳል? ጎረቤቱ መታወቂያ ሳይኖረው በቀጥታ ወደ ግል ክሊኒክ ገብቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሶ ወጥቷል።

ከዚያ የሚሆነውን ማንም የመድን ባለሙያ ያውቀዋል። ጤነኛው ቤት ማደሱን ይተዋል። ስኳር ያለበት፣ ደም ግፊት ያለበት፣ አዘውትሮ የሚታመም ልጅ ያለው ቤት ግን አይተውም፤ እንዲያውም አዲስ የሚመዘገበው እሱው ነው። ቋቱ ውስጥ የሚገባው ይቀንሳል፣ የሚወጣው ይጨምራል። ወረዳው ለሆስፒታል መክፈል ሲያቅተው ሆስፒታሉ ለመድን ታካሚ ፊቱን ማጥቆር ይጀምራል። በ13ቱ የሙከራ ወረዳዎች እንኳን የገባው ቤተሰብ ወደ ግማሽ የተጠጋ ነበር፤ ግማሹ ውጭ ከቀረ ደግሞ የትኛው ግማሽ እንደቀረ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በዚያ ላይ ቋቱ በወረዳ የተከፋፈለ ነበር። አርሲ ውስጥ ለምን ይህ አደገኛ እንደሆነ ለመረዳት የ2003 አዝመራን ማስታወስ ይበቃል፤ ቢጫ ዋግ መጥቶ ኩብሳ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ በአርሲና በባሌ ጠራርጎ የበላበት ዓመት ነው። በአንድ ወረዳ ውስጥ ያለ ገበሬ ሁሉ የሚዘራው አንድ ነው፤ ዋጉም፣ ውርጩም፣ በረዶውም ሁሉንም በአንድ ሳምንት ይመታል። ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚደኸዩ ሰዎች እርስ በርስ መድን ሊሆኑ አይችሉም። ደመወዝ ግን ዋግ አይመታውም። በወረዳው ውስጥ ዋግ የማይመታው ገቢ ያለን ሰዎች እኛ ነበርን፤ እኛ ደግሞ ውጭ ቆመናል።

መዋጮው ሲቀንስ ከላይ ኮታ መጣ። ኮታ ሲመጣ ደጋፊው ዘዴ ይፈልጋል፤ በአንዳንድ ቦታ ማዳበሪያ ሊወስድ የመጣ ገበሬ የመድን ደረሰኝ ይጠየቅ ጀመር። በወረቀት ላይ አባልነቱ ፈቃድ ነው፣ በመጋዘኑ በር ላይ ግን ግዴታ ሆነ። ግዴታን በመርህ አልቃወምም፤ ለሁሉም የሚደርስ ሕክምና በፈቃደኝነት ብቻ የቆመበት አገር የለም። ግዴታው ግን በወረዳው ውስጥ አቅም በሌለው ሰው ላይ ብቻ ሲሆን ስሙ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ቢሮ እንግባ። ስለ 3 በመቶው በተጠራው ስብሰባ ላይ አዳራሹ ሙሉ ነበር፤ ለሌላ ስብሰባ እንዲያ ሞልቶ አያውቅም። ሒሳቡን ሁሉም ሠርቶ መጥቷል። 3000 ብር የሚያገኝ ሰው በወር 90፣ በዓመት 1080 ብር ይቆረጥበታል። የቤት ኪራይ ጨምሯል፣ ጤፍ ጨምሯል፣ ደመወዝ ባለበት ነው። ይህ አንድ ነገር ነው። አዳራሹን ያሞቀው ግን ሌላ ነበር። አንዱ ተነሥቶ «መድኃኒት የሌለው ጤና ጣቢያ ለመታከም ነው የምከፍለው?» አለ፤ ተጨበጨበለት። ሌላው «የገበሬውን መድን ኪሣራ በእኛ ደመወዝ ሊሸፍኑ ነው» አለ፤ ይበልጥ ተጨበጨበለት። እኔም ተናገርኩ። በየቀበሌው እየዞርኩ የማየውን የመድኃኒት መስኮት አንድ በአንድ ተረኩ፤ በስብሰባው ከእኔ የተሻለ ማስረጃ ያቀረበ ሰው አልነበረም። ማስረጃውን ያገኘሁት በቅስቀሳ ሥራዬ ነው።

ትዝብቴ የጀመረው ከዚያ አዳራሽ ስወጣ ነው። በአንድ ከሰዓት ስለ ባዶ መደርደሪያ የተናገርነው፣ ገበሬዎቹ በዓመታት ውስጥ ከተናገሩት ይበልጥ ተሰማ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ለዞን ተላለፈ፣ ከእኛ ጋር የሚመሳሰል ድምፅ ከየመሥሪያ ቤቱና ከየትምህርት ቤቱ ወጣ፤ የደመወዝተኛው መድን ሳይጀመር ተገፋ። አሸነፍን። መደርደሪያው ግን ባዶውን ቀረ፤ ምክንያቱም የተከራከርነው እንዲሞላ ሳይሆን እኛ እንዳንገባበት ነበር። ገበሬው «የለም» ሲባል ወረቀቱን አጥፎ ወደ ጋሪው ይሄዳል። መምህሩ «የለም» ቢባል ኖሮ እዚያው ይጮህ ነበር፤ የጤና ጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ በስሙ ያውቀዋል፣ ሬዲዮ ጣቢያ ይደውላል፣ በማግስቱ በሻይ ሰዓት አገር ያወራዋል። ከማኅበረሰቡ ቋት የጎደለው የእኛ 90 ብር ብቻ አልነበረም፤ ጩኸታችንም ነው። እንዲያውም ከሁለቱ መርጠህ አንዱን ውሰድ ብባል ጩኸቱን እወስዳለሁ።

ይህን ካየሁ በኋላ ሌላው ዓለም እንዴት እንደተሳካለት ለማንበብ ጉጉት አደረብኝ፤ የቆምኩት ደግሞ እንደ አርሲ ስንዴ በሚዘራበት አገር ላይ ነው። ካናዳ ውስጥ ሳስካችዋን የምትባል ክፍለ ሀገር አለች። በ1914 እ.ኤ.አ. ሳርኒያ የምትባል የገጠር ወረዳዋ ሐኪሟ ጥሏት ሊሄድ ሲል ከግብር ገቢዋ በዓመት 1500 ዶላር ደመወዝ ቆረጠችለት፤ ሌሎች ወረዳዎችም ተከተሏት። በ1944 ገበሬዎችና ሠራተኞች ያቋቋሙት ፓርቲ በቶሚ ዳግላስ መሪነት ምርጫ አሸነፈ። ዳግላስ ልጅ ሳለ እግሩ ሊቆረጥ ሲል አንድ ቀዶ ሐኪም፣ ለተማሪዎቹ ማስተማሪያ እንዲሆን ወላጆቹ ፈቅደውለት፣ በነፃ ያዳነው ሰው ነው፤ የአንድ ልጅ እግር በዕድል መትረፍ እንደሌለበት ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር ኖረ። በ1947 የሆስፒታል መድን ለክፍለ ሀገሩ ነዋሪ ሁሉ ተጀመረ። የሐኪም ክፍያ ደግሞ በሐምሌ 1962 ሲጨመር ሐኪሞቹ ለ23 ቀናት ሥራ አቆሙ። መንግሥቱ ከውጭ ሐኪም አስመጣ፣ ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን ክሊኒክ ከፈቱ፣ በመጨረሻ ስምምነት ተደረገ። ፓርቲው ከሁለት ዓመት በኋላ በምርጫ ተሸነፈ፤ መድኑ ግን ቀረ፣ ያሸነፈውም ፓርቲ ሊሽረው አልደፈረም። በ1972 በመላው ካናዳ ተዳረሰ።

ካድሬ ቢያነበው «አየህ፣ እነሱም ከገበሬ ነው የጀመሩት» ይላል። እውነት ነው። ልዩነቱ ግን የሳስካችዋን ገበሬ ስንዴውን በራሱ ኅብረት ሥራ የሚሸጥ፣ ፓርቲ ያቋቋመ፣ ጠቅላይ አስተዳዳሪውን የመረጠ ገበሬ ነው። መድኑን ማንም ጠርቶ አላስገባውም፤ እሱ ነው መንግሥትን ወደ መድኑ የጎተተው። በዚያ ላይ በ1947 ሲጀመር የባንክ ሠራተኛውም፣ መምህሩም፣ ገበሬውም በአንድ መታወቂያ ነበር የተኙት። እኛ ጋ የስንዴ ኅብረት ሥራ የለም ማለት አይደለም፤ ገለማና ሔጦሳ ዩኒየኖች አሉ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያመጡት እነሱ ናቸው። በጤና ጣቢያው የመድኃኒት ግዢ ላይ ተቀምጠው «ለምን አልመጣም?» የሚሉበት ወንበር ግን ማንም አልሰጣቸውም፤ እነሱም አልጠየቁም።

ሐሳቤን የሚያፈርስ ምሳሌም አለ፤ ብሸሽገው ደስ አይለኝም። ታይላንድ በ2002 እ.ኤ.አ. ሕዝቧን ሁሉ ስትሸፍን የመንግሥት ሠራተኛውን ቋት አልነካችውም፤ እስከ ዛሬም ለብቻው ነው። ለገበሬውና በሌላ ቋት ላልታቀፈው ሕዝብ ከግብር የሚወጣ በጀት መደበች፤ ታካሚው በአንድ ጉብኝት 30 ባት ብቻ እንዲከፍል አደረገች። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ቋት ካልገባ አይሆንም የሚል ሕግ የለም። እዚያ ግን ለገበሬው የጮኸለት ነበር። በወጣትነታቸው ገጠር ተመድበው የሠሩ ሐኪሞች ማኅበር መሥርተው ለዓመታት ሲወተውቱ ቆይተዋል፤ የሲቪክ ድርጅቶችም ከ50 ሺህ በላይ ፊርማ አሰባስበው ሕጉን ለፓርላማ አቀረቡ። ደመወዝተኛው ገንዘቡን ባያዋጣም አንደበቱን አዋጣ ማለት ነው። በአርሲ ያየሁት ግን ሁለቱንም ወደ ኪሱ የመለሰ ደመወዝተኛ ነው።

የሳስካችዋን ሐኪሞች መድኑን ሊያስቀሩ ሥራ አቆሙ። የእኛዎቹ በግንቦት 2017 በየሆስፒታሉ ሥራ ሲያቆሙ ከደመወዙ ጥያቄ ጋር ያነሡት አንዱ ነገር ለራሳቸውና ለቤተሰባቸው የሕክምና ሽፋን ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያክም የሚውል ነርስ የራሱን እናት ለማሳከም ከጓደኛ ይበደራል። ስለዚህ በእኛ አገር ለሁሉም የሚደርስ ሕክምና ጠላቱ ሐኪሙ አይደለም፤ ከመድኃኒት መስኮቱ በዚያኛው ወገን ያለው ሰው ራሱ ያልተሸፈነ ነው። ይህን የሚያህል አጋር ሳስካችዋን አላገኘችም ነበር። የጤና ባለሙያው ጥያቄና የገበሬው ጥያቄ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ያየሁበት ቀን ግን የለም።

አሁን ብጠየቅ የምመክረው የዘመቻውን አቅጣጫ መቀየር ነው። መጀመሪያ የሚመዘገበው የወረዳው አስተዳዳሪ ይሁን፤ ቀጥሎ የጤና ጽሕፈት ቤቱ፣ ቀጥሎ መምህራኑ፣ ከዚያ ገበሬው። ሁሉም በአንድ መታወቂያ፣ በአንድ ሰልፍ፣ በዚያው መስኮት። ለሠራተኛው ተብሎ ልዩ ክሊኒክ ወይም ልዩ መስኮት ከተከፈተ ደግሞ ባይጀመር ይሻላል፤ ጩኸቱን ይዞት ይሄዳልና። የደመወዝተኛው ፍርሃትም በስብከት አይታለፍም። ገንዘቤ የሌላውን ኪሣራ ይሸፍናል ያለው ሰው ራስ ወዳድ ብቻ አይደለም፤ የሚጠይቀው የሚቆጣጠረው ማን ነው ብሎ ነው። መልሱ በየጤና ጣቢያው የመድኃኒት መደርደሪያ ላይ ያለውን በየወሩ የሚቆጥር፣ ከከፋዮች የተመረጠ ኮሚቴ ቢሆን፣ መቁረጥ የሚጀመረውም ቆጠራው ለጥቂት ወራት ከተለጠፈ በኋላ ቢሆን፣ ያ አዳራሽ እንደዚያ ያጨበጭብ ነበር ብዬ አላስብም። ቋቱም ከወረዳ ወጥቶ ቢያንስ ዞኑን ይሸፍን፤ ዶዶታ ቆላው ላይ ዝናብ ሲጠፋ ሌሙና ብልብሎ ደጋው ላይ ገብሱ ሊይዝ ይችላል፣ የአሰላ ደመወዝተኛ ደግሞ በሁለቱም ዓመት ደመወዙን ያገኛል።

ይህንኑ በቅርቡ በአንድ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ አቀረብኩት። የጤና መድን አጀንዳ እንደገና መጥቶ፣ ያው ክርክር እንደገና ተነሥቶ ነበር፤ መድኃኒት የለም፣ ደመወዝ አይበቃም። ተራዬ ሲደርስ መድኃኒት እንደሌለ አልካድኩም። የምቃወመውም እንዳይቆረጥብኝ ሳይሆን ሳይቆጠር እንዳይቆረጥብኝ ነው አልኩ፤ መጀመሪያ የመደርደሪያውን ቆጠራ ከገበሬዎቹ ተወካዮች ጋር ሆነን እንጠይቅ፣ ሲሰጠን እንግባ። አንዲት መምህርት «ገበሬዎቹን ማን ይጠራቸዋል?» አለች። እኔ እጠራለሁ አልኩ፤ ሰው ሳቀ፤ ሥራዬን ያውቃሉ። ሰብሳቢው ሐሳቡ በድምፅ ይታይ አለ። እጅ ያወጣነው ከአዳራሹ ሩብ አንሞላም። ካወጡት አብዛኞቹ ከጤና ጣቢያ የመጡ ነርሶች ናቸው። ከስብሰባው በኋላ ሁለቱ መጥተው የቀበሌውን ጉባኤ ቀን ጠየቁኝ፤ ገና አልተቆረጠም፣ ስንዴው ሲወቃ ነው አልኳቸው፤ የአንዷን ስልክ ቁጥር ጻፍኩ።